የእትዬ የሺ የመጨረሻ ብልህ ውርርድ

የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ያን ዕለት ጧት በበሬ ሲያልፍ ልብስ አጥቤ እያሰጣሁ ነበር። «ወይዘሮ የሺመቤት ስላረፉ ቀብር በስምንት ሰዓት ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም!» ብሎ ጮኸና ወደ ታች ወረደ። ስማቸውን የጠራው እንደ ማንም ሰው ስም ነው። ልጅ ነው፣ ምን ያድርግ! እሱ የሚያውቃቸው በእርጅናቸው ጊዜ ነው። በየዓመቱ ለገና ጨዋታ ከኮልፌ ጋር ሆነው ጠጃቸውን ሲያስይዙ፣ በየዓመቱም ሲረቱ ነው ያያቸው።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱ ጎረምሶች ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር። «እማማ የሺ ነፍሳቸውን ይማር እንጂ፣ ውርርድ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም» አለ አንደኛው። «ኮልፌ በክራንች የሚሄድ ሰው ቢያሰልፍም እሳቸው ከኮልፌ ጋር ናቸው» አለ ሁለተኛው። ሳቁ። ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር አይደለም፣ የተወደደ ሰው ሲሞት ይሳቃል። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ዞር ብዬ «እናንተ ውርርድ የት ታውቃላችሁ!» አልኩና ዝም አልኩ። ተያይተው እንደገና ሳቁ፤ አሮጊት ተቆጣች ብለው ነው።

ዝም ያልኩት ለብዙ ዘመን ዝም ስላልኩ ነው። ልማድ ሆኖብኛል። አሁን ግን ምስጢሩን እንድጠብቅ ያስማሉኝ ሴት አፈር ለበሱ፤ ምስጢሩ እንዳይደርሰው የተባለው ባሌም ቀድሟቸው ሄዷል። ማንን እፈራለሁ?

እትዬ የሺ ጠጅ ቤታቸው ከሆለታ መንገድ ዳር፣ እኛ ከተከራየናት ጎጆ ጋር አጥር የሚጋራ ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ እኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ባሌ ወርዶፋ ከቀራንዮ በላይ ካሉ ገበሬዎች የተወለደ፣ ባማርኛ የሚጣላ፣ በኦሮምኛ የሚታረቅ ሰው ነው። እትዬ የሺ ደግሞ ባላቸው ዘምተው ያልተመለሱላቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት ሴት ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። እናታቸው ስትሞት በእቅፋቸው የቀረውን ታናሽ ወንድማቸውን ተሰማን ነው ያሳደጉት። «ጡት አላጠባሁትም እንጂ ሌላው ሁሉ ከኔ ነው» ይሉ ነበር። እሱም «እታለም» እያለ ነበር የሚጠራቸው፤ ካደገም በኋላ፣ ጢም ካወጣም በኋላ።

ኮልፌ እትዬ የሺን የሚያውቃቸው ግን በጠጃቸው ብቻ አልነበረም። በውርርዳቸው ነው። ገና ሲደርስ የኮልፌ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ከቀራንዮ በታች ባለው መስክ ላይ ይገናኛሉ፤ ዱላቸውን ይዘው ሩሯን፣ የጨዋታውን ኳስ፣ እየቀጠቀጡ ከተቃራኒው ወገን ድንበር ለማሳለፍ ሲጋፉ ይውላሉ። ዳር የቆመ ሁሉ ይወራረዳል። በግ የሚያስይዝ አለ፣ ኩታ የሚያስይዝ አለ። እትዬ የሺ ጠጅ ያስይዙ ነበር። የአገሩ ልማድ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ያስያዘ ሰው ያስያዘውን ይዞ ከመረጠው ወገን በኩል ይቀመጣል። ተደብቆ መወራረድ የለም። የእትዬ የሺ ጋን በየት በኩል እንዳረፈ አይቶ ልቡ ያልፈራ ተጫዋች አልነበረም።

«ሴት ምን አገባት» ያሉ ወንዶች መጀመሪያ ላይ ነበሩ። በጎቻቸው ወደ እትዬ የሺ ጓሮ ሲነዱ ዝም አሉ።

ብልሃታቸውን አይደብቁም ነበር፤ የሚሰማቸው ጠፋ እንጂ። ጨዋታው ሲቃረብ ልምምዱን እየዞሩ ያያሉ፣ ሰንበሌጥ ያኝካሉ። ወንዶቹ ክንድ ሲያዩ እሳቸው ሌላ ነገር ያያሉ። «ሩሯን የመታውን ሁሉም ያየዋል፣ ስታ ስትሄድ ዘወር ብሎ የሚሮጠውን እዩልኝ» ይሉ ነበር። «ሰው ሲወድቅ ማን እንደሚያነሣው እዩ።» «ከተቆጣ ቡድን ጋር አትወራረዱ፣ የተቆጣ ሰው አቅሙን አያውቀውም።» ለኔ ለብቻዬ ደጋግመው የነገሩኝ ግን ይህን ነው፦ «ልብሽ የወደደውን አቅፈሽ ሳሚው እንጂ አትወራረጂበት።» ሐሳባቸው ሲቆርጥ የያዙትን ብርሌ ጠረጴዛው ላይ ይደፉታል። ብርሌው ከተደፋ ወዲያ ማንም አይመልሳቸውም።

በተጋባንበት ዓመት ወርዶፋ ለላይ ሰፈር ሲሰለፍ ጋናቸውን ወደ ታች ሰፈር አስወሰዱ። ወርዶፋ በጣም ተቀየመ። «ምነው እትዬ፣ ምን በደልኩ?» አላቸው።

«አንተ ምንም አልበደልክ። ሙሽራ ነህ፣ ሐሳብህ ቤትህ ነው» አሉት፤ እኔን በዓይናቸው እየጠቀሱኝ።

ረቱ። ወርዶፋ ወር ሙሉ አኩርፎኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጥፋቴ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጣሊያን ከኮልፌ በላይ ካምፑን ከሠራ በኋላ አንድ ካፒታኖ የሚሉት የጣሊያን ሻምበል ይመጣ ጀመር። ወፍራም፣ ቀይ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። ጠጅ ይወዳል፣ ከጠጅም ይልቅ ውርርድ ይወዳል። ከአስተርጓሚው ጋር እትዬ የሺ ቤት ተቀምጦ ዝንብ ከየትኛው ብርሌ ላይ ቀድማ እንደምታርፍ ሲወራረድ አይቼዋለሁ። በመጀመሪያው ገና መስኩ ላይ ወጣና በሬ የሚያህል ሰው ታች ሰፈር ውስጥ ሲያይ ካፖርቱን አወለቀ፤ «በዚህ ሰውዬ አስይዣለሁ፣ ማን ይገጥመኛል?» አለ ባስተርጓሚው። ሰዉ ፈራ። እትዬ የሺ ሰንበሌጣቸውን ተፉና «እኔ» አሉ።

«በሬው እኮ ከታች ነው» አልኳቸው በጆሯቸው።

«በሬ መሆኑን አይቻለሁ። ሲናደድ የሚወጋው ግን የራሱን ወገን ነው።»

እንዳሉትም ሆነ። ሰውዬው አንዴ ሳተ፣ ሁለቴ ሳተ፤ ከዚያ የጓደኛውን ቅልጥም መትቶ እርስ በርሳቸው ተጣሉ። ላይ ሰፈር አሸነፈ። እትዬ የሺ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የሚደርሰውን ካፖርት ለብሰው ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ኮልፌ በሳቅ ሞተ። ጣሊያን ከመጣ ወዲህ እንዲያ ስቀን አናውቅም። ካፒታኖውም ሲያያቸው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ያን ጊዜ ደግ ሰው መስሎኝ ነበር። እትዬ የሺ ግን «ረትቶ የሚስቅ ሰው አለ፣ ተረትቶ የሚስቅ ሰው አለ፣ ሁለተኛውን ፍሪው» አሉኝ።

በሚቀጥለው ዓመት በነቢያት ጾም ተሰማን ያዙት። ደህና ደህናዎቹ የሰፈራችን ወንዶች በሆለታ በኩል ዱር ገብተው ነበር፤ ተሰማ ጨውና ጥይት ያቀብላቸው ነበር። ያቀብል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይናገርም። አንድ ሰው ተናገረ። አስካሪ የሚባሉት የጣሊያን ኤርትራዊ ወታደሮች መጥተው እጁን የፊጥኝ አስረው ካምፕ ወሰዱት። ከዚያ ካምፕ የሚወጣ ሰው ወይ ወደ ቤቱ ነው፣ ወይ ሱማሌ በረሃ ወዳለው እስር ቤት በካሚዮን ነው። ከዚያ በረሃ የተመለሰ ሰው እስከዚያን ጊዜ አላየንም።

እትዬ የሺ በየቀኑ ስንቅ ይዘው ካምፑ በር ላይ ይቆሙ ጀመር። ስንቁን ይቀበሏቸዋል፣ ፊቱን ግን አያሳዩአቸውም። ተሰማ የኮልፌ አንደኛ የገና ተጫዋች ነበር፤ ተንኮለኛ፣ ፈጣን፣ ሩሯን ከሰው እግር መሃል የሚሰርቅ። እሱ ሲታሰር ሰፈሩ ሁለት ነገር አጣ።

ቀጥሎ የምናገረውን እኔ ያወቅኩት በኋላ ነው፤ እናንተ ግን አሁኑኑ እወቁት።

ገና ሊደርስ ሲል ካፒታኖው ከአስተርጓሚው ጋር ጠጅ ቤቱ መጣ። ቤቱ ባዶ ነበር።

«ካፒታኖው ‹ዘንድሮ አስካሪዎቼ ከኮልፌ ጋር ይጫወታሉ፣ በአገራቸውም ጨዋታውን ያውቁታል› ይላል» አለ አስተርጓሚው።

«ይጫወቱ» አሉ እትዬ የሺ።

«‹እንወራረድ› ይላል። ‹ወንድምሽን ነው የማስይዘው። አንቺ ቡድን ምረጪ። የመረጥሽው ካሸነፈ ወንድምሽ ያንኑ ቀን ወደ ቤቱ ይመጣል። ከተሸነፈ ካሚዮን ላይ ይወጣል› ይላል።»

«ሰው አይያዝም በለው። ጠጄን ላስይዝ፣ ቤቴን ላስይዝ፣ የራሱን ካፖርት ልመልስለት።»

ካፒታኖው ሳቀ። «‹ካፖርት አለኝ› ይላል። ‹ካልመረጥሽም ካሚዮን ላይ ይወጣል› ይላል።»

አንድ ነገር ደግሞ ጨመረ። ለማንም እንዳይናገሩ። ኮልፌዎች ሆን ብለው ሊሸነፉ ሲጫወቱ ካየ፣ ወይ ወሬው ከጆሮው ከደረሰ፣ ተሰማን ገበያው መሃል ይሰቅለዋል። አስተርጓሚው ይህን ሲናገር ወደ መሬት ነበር የሚያየው አሉኝ።

እትዬ የሺ እስከ እሑድ ቀን ለመኑና እንደ ወትሯቸው ሊያዩ ወጡ። መጀመሪያ ካምፑ አጥር ስር ቆመው አስካሪዎቹን አዩ። ሩሯ ስትርቅ ሁሉም ይሮጣሉ። አንዱ ሲወድቅ ሁለተኛው ያነሣዋል። ማንም በማንም ላይ አይጮህም። ከዚያ ወደኛ መጡ። የኛዎቹ ወይ ጉልበታቸው የከዳቸው ሽማግሎች፣ ወይ ጢም ያላበቀሉ ልጆች ነበሩ፤ ወርዶፋ ብቻ በመሃል ቆሞ ሁሉንም ይሳደባል። እትዬ የሺ አጥሩን ተደግፈው ብዙ ቆዩ። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። «እንዴት ናቸው?» አልኳቸው።

«ልጆቼ» አሉ። ሌላ ነገር አላሉም። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

እሑድ ካፒታኖው ሲመጣ «ከአስካሪዎቹ ጋር ነኝ» አሉትና ብርሌያቸውን ደፉ። ሰውዬው ሳቁን አቋረጠ። ወንድሟ የታሰረባት ሴት ከሰፈሯ ልጆች ሌላ ትመርጣለች ብሎ አላሰበም ነበር። የራሱ አስካሪዎች ሲያሸንፉለት፣ ኮልፌም ሲሸነፍ፣ እሷም ስታለቅስ ነበር የታየው። አሁን ለኮልፌ መጸለይ የሱ ፈንታ ሆነ። ግን ቃሉ ቃል ነው፤ «ይሁን» አለ። «እንደ ልማዳችሁ ጋንሽ ከመረጥሽው በኩል ይቀመጥ፣ አንቺም ከጋንሽ ጋር።»

የገና ዕለት ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በልቶ ጠጥቶ መስኩን ሞላው። እኛ ሴቶቹ በኮልፌ በኩል እልል እንላለን። በዚያ ማዶ አስካሪዎቹ ተሰልፈዋል፣ ካፒታኖውም ወንበር አስመጥቶ መሃል ላይ ተቀምጧል። እትዬ የሺ መጡ። ሁለት ሰዎች ጋኑን በእንጨት አንጠልጥለው ከፊታቸው ይሄዳሉ። መንገድ ለቀቅንላቸው፤ ጋኑ እኛው ጋ እንደሚያርፍ ጥርጥር አልነበረንም። ጋኑ ግን አልፎን ሄደ።

«እትዬ፣ መንገድ ስተዋል!» አለ አንድ ሽማግሌ።

አልመለሱለትም። መስኩን አቋርጠው ጋኑን ከአስካሪዎቹ በኩል አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው አጠገቡ ተቀመጡ። ከዚያ «ባንዳ!» የሚል ድምፅ ተነሣ። እኔም ብያለሁ። ወንድሟን ካሰሩባት ሰዎች ጋር ጠጅ ይዛ የተቀመጠችን ሴት ሌላ ምን ይሏታል? አንቱታው ራሱ ከአፌ ጠፍቶ ነበር።

ወርዶፋ ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ቤት ሮጠ፤ ተመልሶ ሲመጣ የራሱን ዱላ ጥሎ የተሰማን ዱላ ይዟል። ሁለቱ ዱላቸውን የቆረጡት ካንድ ወይራ ነበር፤ ተሰማ ሲታሰር ዱላው እኛ ቤት ነበር የቀረው። ወርዶፋ ከፍ አድርጎ አነሣው። «ስሙ! ዛሬ የምጫወተው እኔ አይደለሁም፣ ተሰማ ነው! እህቱ ብትከዳው እኛ አንከዳውም!»

ሽማግሎቹ ኩታቸውን አሸረጡ። ልጆቹ አለቀሱ። በዚያ ማዶ እትዬ የሺ ብድግ አሉ። ያንን ዱላ ከኮልፌ ሰው ሁሉ አብልጠው የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፤ ተሰማ ልጅ ሳለ በእሳት አሙቀው ያጎበጡለት በገዛ እጃቸው ነውና። ወደኛ ጥቂት ተራመዱ። ካፒታኖው ከወንበሩ ዞሮ ጣቱን በአንገቱ ዙሪያ አዞረ። እትዬ የሺ ቆሙ። ከዚያ ወደ ጋናቸው ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ ያየሁትን አይቼ አፍረው ነው የተመለሱት ብዬ ነበር።

አስካሪዎቹ ቀድመው አገቡ። እትዬ የሺ ያዩት ልክ ነበር፤ ከኛዎቹ በሁሉ ነገር ይበልጡ ነበር። የኛዎቹ ግን ጨዋታ አልነበረም የያዙት። አንድ ሽማግሌ ጥርሱ ወልቆ ደሙን እየተፋ ይሮጣል። አንድ ልጅ ሦስት አስካሪ መሃል ገብቶ ሩሯን በሆዱ ተኝቶባት ያዛት፣ እላዩ ላይ ቢረማመዱበትም አልለቀቀም። አንድ አገባን። ካፒታኖው ከወንበሩ ተነሥቶ ባርኔጣውን እያወዛወዘ በቋንቋው በርቱ በርቱ ይለን ጀመር።

«ነጩ ምን ነክቶት ነው ለኛ የሚጮኸው?» አልኩ አጠገቤ ያለችውን ሴት።

«እግዜር ልቡን አራርቶት ይሆናላ» አለችኝ።

ፀሐይዋ ወደ ወጨጫ ተራራ ስታዘቀዝቅ ወርዶፋ ሩሯን ከመሃል ሜዳ ይዞ ተነሣ። ሩጫ አያውቅም ነበር ባሌ፤ ያን ቀን ሮጠ። በተሰማ ዱላ፣ ልክ እንደ ተሰማ፣ ካንዱ አስካሪ እግር መሃል ሰርቆ አሳለፋትና መታት። ድንበሩን አልፋ ከእትዬ የሺ ጋን ሥር ሄዳ ቆመች። መስኩ ተናወጠ። ካፒታኖው አስተርጓሚውን አቅፎ ይዘላል። እትዬ የሺ ጎንበስ ብለው ሩሯን አነሡና በሁለት እጃቸው ይዘው ያይዋት ነበር። «እሰይ! ይበልሽ!» አልኩ እኔ፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ።

የገና ወግ ደግሞ አለ። ያሸነፈ ወገን በተሸነፈው ደጅ ይሄዳል፣ ይጨፍራል፣ እንዳሻው ይሳደባል። ጌታም ይሁን እመቤት መቆጣት የለም፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ስለዚህ ኮልፌ እንዳለ ወደ እትዬ የሺ ደጅ ወረደ። ወርዶፋ ፊት ፊት ዱላውን እያነሣ፣ እኛ ከኋላ። ግጥም አዋቂ አንድ ሰው ነበረን፤ እንዲህ ብሎ አወጣ፦

ጋኗን አሸክማ፣ ካስካሪ ጎን ቆማ፣
ምን ብላ ትንገረው ይህን ለተሰማ?

ሰዉ ተቀበለው። እንዴት እንደተቀበለው! በሩ ላይ ቆመን እየደጋገምን፣ እያጨበጨብን። እትዬ የሺ ወጡ። የሚቆጡ ወይ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ጋናቸውን አስመጥተው አስከፈቱና ብርሌ እየሞሉ ላንዱ ላንዱ በእጃቸው ሰጡ። «ጠጡ ልጆቼ። በገና አይቆጡም» አሉ። ፈገግ ብለው ነበር፣ ፍንጭታቸው ይታየኝ ነበር። ወርዶፋ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«የማን ዱላ ነው?» አሉት።

«የተሰማ ነዋ! ረሱት እንዴ?» አለ በስካርና በንዴት።

ዱላውን ተቀበሉት፣ ጉብጠቱን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ መለሱለት። «እጅህ ይባረክ። ደህና አድርገህ ተጫወትክለት» አሉ። ወርዶፋ አንገቱን ደፋ፤ ሰው ሲመርቁት መሳደብ አይሆንለትም። ጭፈራውም እየቀዘቀዘ፣ ሰዉ እየተበተነ ሄደ።

እኔ ብርሌ ልሰበስብ ቀረሁ። ጎረቤት ነኝ፣ ብጣላቸውም ዕቃቸውን ሜዳ ላይ ጥዬ አልሄድም። ተሸክሜ ወደ ጓዳ ስገባ እትዬ የሺ መሬት ላይ ተቀምጠው በሶ በስልቻ እየጠቀጠቁ አገኘኋቸው። የረጅም መንገድ ስንቅ ነው።

«ለማን ነው?» አልኳቸው፣ እንደተኮሳተርኩ።

ነገሩኝ። ከላይ የነገርኳችሁን ሁሉ አንድ በአንድ፣ እጃቸው ከስልቻው ሳይወጣ ነገሩኝ። የያዝኩትን ብርሌ ሁሉ ጣልኩት። ጮኼ ልወጣ ስል ቀሚሴን ያዙኝ።

«ተቀመጪ። የት ነው የምትሄጂው?»

«ለወርዶፋ ልንገረው!»

«ነግረሽው ምን ያደርጋል? ያገባትን መልሶ ያወጣታል?» አሉኝ። «ሰው ያሸነፈበትን ቀን አይቀሙትም፣ አስካል። ለወንድሜ ብሎ ነው የሮጠው። ይህን ካወቀ ያ ልጅ እድሜ ልኩን አይተኛም። ማይልኝ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ልክ ነበርኩ» አሉ። «ልክ ነበርኩኮ። አስካሪዎቹ ይበልጡ ነበር። አላየሽም እንዴት ይጫወቱ እንደነበር? ሁሉን አይቼ፣ ያቺን ዱላ ብቻ ረሳኋት።» ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። እኔም አለቀስኩ፤ ማልኩም።

ካሚዮኑ ከገና በኋላ ባለው ሳምንት ጧት ወጣ። ወሬው ቀድሞ ደርሶ ነበርና እትዬ የሺና እኔ ከመንገዱ ዳር ቆመን ጠበቅነው። ስንቁን አስተርጓሚው ሲነጋ መጥቶ ወስዶላቸዋል። ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። ካሚዮኑ ከካምፑ ቁልቁለት ሲወርድ እስረኞቹ ከላይ ተደራርበው ቆመዋል። ተሰማ ዳር ላይ ነበር። ከስቷል፣ ራሱን ላጭተውታል። እጆቹ ከፊቱ ታስረዋል። እኛን ሲያይ ካጠገቡ ያሉትን በትከሻው ገፋ ገፋ አድርጎ ወደኛ ዞረ።

«እታለም!» አለ። ሞተሩ ይጮሃል። «እታለም! ማን አሸነፈ?»

እስር ቤት ሆኖ ያን ቀን ጩኸቱን ሰምቶ ኖሯል፤ የማን ጩኸት እንደሆነ ነው ያላወቀው። እትዬ የሺ ነጠላቸውን ከአፋቸው ገለጡ። ያቺ ግጥም መጣችብኝ።

«ኮልፌ!» አሉ፣ ያላቸውን ድምፅ ሁሉ አውጥተው። «ኮልፌ አሸነፈ! በዱላህ ነው ያገቡት፣ ባንተ ዱላ!»

ተሰማ የታሰሩ እጆቹን አንድ ላይ ወደ ላይ አነሣ። ሳቀ። እንደ ልጅነቱ ነበር የሳቀው፣ እዚያው ካሚዮኑ ላይ እየዘለለ። አስካሪው በሰደፍ ወደ ውስጥ ሲገፋው እንኳ እየሳቀ ነበር። ካሚዮኑ ዞረና ጠፋ። አቧራው እስኪበርድ ቆመን ቀረን። ጣሊያን ሲወጣ ከዚያ በረሃ የተረፉ ጥቂቶች ተመለሱ፤ እትዬ የሺ እያንዳንዱን ቤቱ ድረስ ሄደው ጠየቁ። አየሁት ያለ አልተገኘም።

ከነጻነት በኋላ ኮልፌ ከሌሎች ሰፈሮች ጋር የገና ጨዋታ እንደገና ሲጀምር ጋናቸውን አሸክመው መጡና ከኮልፌ በኩል አስቀመጡት። ሰዉ ይቅር ብሏቸው ነበር፤ ተጸጽተው ነው አለ። ኮልፌ ያን ዓመት ተሸነፈ። በሚቀጥለውም ዓመት ተሸነፈ። ጎበዞቹ ከዱር አልተመለሱም፣ የተመለሱትም እግር አልነበራቸውም። እትዬ የሺ በየዓመቱ ከኮልፌ ጋር ሆነው በየዓመቱ ጠጃቸውን አስረከቡ። ልምምድ ማየት ራሱ ተዉ። ወርዶፋ በበኩሉ ያችን ጎል እስኪሞት ድረስ ያወራት ነበር፣ ለልጆቻችን፣ ለልጅ ልጆቻችን። እኔ ወጥ አወጣለሁ፣ ጆሮዬን እዘጋለሁ። እትዬ የሺ ካሉ ግን «እስቲ ድገምልኝ» ይሉት ነበር። ያስደግሙት ነበር።

አንድ ዓመት፣ ሁለታችንም ካረጀን በኋላ፣ ከመስክ ስንመለስ ክንዳቸውን ይዤ «እትዬ፣ ልብሽ የወደደውን አትወራረጂበት ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?» አልኳቸው።

«ብያለሁ» አሉ።

«ታዲያ?»

ቆም ብለው ተነፈሱ። ዳገቱ ያደክማቸው ነበር።

«ያን ጊዜ ተሰማ ማን አሸነፈ ብሎ ብቻ ነው የጠየቀኝ» አሉኝ። «አንቺ ከማን በኩል ነበርሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ሲመጣ ይጠይቀኛል።»